ሐረጎ ላይ የምታንኳኳው መኪና

ማክሰኞ፣ ጥር 12

ዛሬም አንኳኳች። ያው ቦታ ላይ፤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስንመለስ፣ ሐረጎ፣ ከጫፉ በታች ያለው ትልቁ መታጠፊያ። ቤንዚኑን ረገጥ ሳደርግ ቱርቦው ፉጨቱን ጀመረ፣ መኪናዋ ወገቧን ቀና አደረገች፣ ከዚያ ከኮፈኑ ሥር አንድ ሰው ጣሳ ውስጥ ጠጠር የሚያንቀጫቅጭ መሰለ። አባባን ዞር ብዬ አየሁት። በመስኮቱ ጉሙን ያያል። «ሰማህ?» አልኩት። «ምኑን?» አለኝ።

ምኑን! ይህ ሰው ቤት ውስጥ ተቀምጦ በመንገድ የሚያልፈውን ባጃጅ ከነሹፌሩ በድምፅ የሚለይ ሰው ነው። ቁርኣን ሲቀራ እንኳ የሰው መኪና በደጅ ካሳለች ግንባሩ ይቋጠራል። ዛሬ የራሱ መኪና ጆሮው ሥር ስትንቀጫቀጭ «ምኑን?»። ዓይኑ ደክሟል፣ እሱን አውቃለሁ። ጆሮው ግን ከእኔ ይሻላል። ተናደድኩ፤ ግን መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ መናደዱን ለሜዳው አቆየሁት፤ ሜዳው ላይ ስደርስ ረሳሁት። ጉሙ ነው ያስረሳኝ። ከታች ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ ተኝታለች፣ ከላይ እኛ ደመና ውስጥ እንነዳለን፤ እንዲህ ባለ ጊዜ መኪና ውስጥ ያለሁ አይመስለኝም።

ቧንቧ ውሃ ሰፈር ስንደርስ መንገዱ ተዘግቷል፤ የሚካኤል ታቦት እየገባ ነበር። ሞተሩን ሳላጠፋ ቆምን። ቆማ ስትሠራ እንደ ድመት ናት፣ ምንም አይወጣላትም። እልልታው አልፎን ሄደ፣ ነጭ ልብስ፣ ጃንጥላ፣ አቧራ። ጎረቤታችን እትየ ዘውዴ እኔ የሰፋሁላቸውን ቀሚስ ለብሰው ከሰልፉ ወጣ አሉና መስኮቱን ቆረቆሩ። «ሐዩ፣ የአንቺንስ መች ነው የምንበላው?» አሉኝ። አባባ በሱ በኩል ያለውን መስታወት ቀስ ብሎ ዘጋው።

የእኔ ሰርግ ማለታቸው ነው። የከድር ሽማግሌዎች ከኮምቦልቻ ሁለት ጊዜ መጥተዋል። (በራሴ ደብተር ላይ ስሙን ስጽፍ ፊቴ ይሞቃል። በዚህ ዕድሜዬ!) አባባ እምቢ አላላቸውም። እሽም አላላቸውም። «መኪናዋ ትዳን። ልጄን ሐረጎን በራሴ መኪና ነው የማወርዳት» ነው ያላቸው። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ሙሽራ የሚጭን መኪና ሲጠግን የኖረ ሰው ልጁን በኪራይ መኪና አይሸኝም፤ ሽማግሌዎቹም ተገቢ ነው ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ያን ጊዜ ለመዳን አንድ ቀን የቀራት መስሎን ነበር።

ሰኞ ለሦስተኛ ጊዜ ይመጣሉ። ሦስተኛው የመጨረሻው ነው። ከዚያ ወዲያ ሽማግሌ መላክ ለላኪውም ለተላከበትም ያሳፍራል። ረመዳንም ደርሷል።

ረቡዕ፣ ጥር 13

የሰው ቀሚስ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ። ስፈታ ዋልኩ።

ከድር ምሳ ሰዓት ላይ ደወለ። ማንኳኳቷን ስነግረው «በዚሁ ከቀጠለች ፒስተን ትሰብራለች፣ አብሽሪ፣ ነገ እመጣለሁ» አለኝ። አብሽሪ ማለቱ አጽናናኝ፤ ፒስተን ማለቱ ግን አላጽናናኝም። ይህ ሰው ኮምቦልቻ ላይ በኮምፒውተር የአዳዲስ መኪና በሽታ የሚያይ ሰው ነው። የተዋወቅነው በዚሁ ሞተር ነው። የአባባ መኪና የድሮ ሞተሯ ባለፈው ክረምት ሲሞት፣ ከድር የዚያው ሞተር ታናሽ የሆነ አንድ አግኝቶ በጭነት መኪና ይዞት መጣ። ሲያወርዱት ጋቢውን አውልቆ ከሥሩ አነጠፈለት። ለሞተር! እኔ ያን ጊዜ ነው የወደድኩት መሰለኝ፤ ለማንም አልነገርኩም።

ያብራራልኝን ልጻፈው፤ ካልጻፍኩት ይጠፋኛል። ፒስተኑ ወደ ላይ ወጥቶ አየሩንና ቤንዚኑን ሲያምቅ ካንዴላው ብልጭ ይላል። ብልጭታው ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ ትንሽ ቀደም ማለት አለበት፤ እሳት ለመያያዝ ጊዜ ይፈልጋል። ከልክ በላይ ከቀደመ እሳቱ ገና እየወጣ ያለውን ፒስተን አናቱን ይለዋል፤ የምንሰማው ማንኳኳት እሱ ነው። ከዘገየ ደግሞ ጉልበት የለም፣ ሙቀት ብቻ። ይህ ለእኔ እንግዳ አይደለም። የስፌት መኪናዬም ያው ናት። መርፌው ወርዶ ገና ቀና ሲል ነው ከታች ያለችው መንጠቆ መጥታ ክሩን የምትይዘው። ከቀደመች ወይ ካረፈደች ስፌቱ ይዘላል።

ቱርቦ ደግሞ አየሩን በግድ ስለሚያጭቅ እሳቱ ይፈጥናል፤ ስለዚህ ቱርቦው ሲነፋ ብልጭታው ዘግየት ማለት አለበት። ማን ያዘግየው? የሞተሩ ሦስት ትውልዶች ልዩነት እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ትውልድ፣ የሞተው የአባባ ሞተር፦ ዲስትሪቢዩተር አለው፣ ብልጭታውን ለየካንዴላው የሚያድለው ክቡ ነገር። ብሎኑን አላልተህ በእጅህ ታዞረዋለህ፤ ወደዚህ ይቀድማል፣ ወደዚያ ይዘገያል። ቱርቦው ሲነፋ በአንዲት የጎማ ቱቦ ተገፍቶ ራሱ ትንሽ ያፈገፍጋል። የቀረው የመካኒኩ ጆሮ ነው።

ሦስተኛው፦ ዲስትሪቢዩተር የሚባል የለም። በየካንዴላው አናት ላይ ብልጭታ የሚያመነጭ የየራሱ ኮይል። የሚያዞሩት ነገር የለም፣ ሁሉም በኮምፒውተር። አባባ አንድ ቀን የአንዱን ኮፈን ከፍቶ አየና «ይኸ ሞተር ነው ሣጥን?» ብሎ ዘጋው።

ሁለተኛው፣ የእኛ፦ ከሁለቱም የተወለደ። ዲስትሪቢዩተሩ አለ፣ በእጅ ይዞራል። ግን የብልጭታውን ጊዜ በየቅጽበቱ የሚወስነው ኮምፒውተሩ ነው፤ ማንኳኳት የሚሰማበት ጆሮም ጎኑ ላይ ተገጥሞለታል። ከሰው የሚጠበቀው ዲስትሪቢዩተሩን ከፋብሪካው ምልክት ጋር አስተካክሎ ማሰር ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ከዚያ ተነስቶ ይቆጥራል። ሰው ቢያዞርበት አያውቅም፤ በተበላሸው መነሻ ላይ ሆኖ ልክ ነኝ እያለ ይቆጥራል። ለዚህ ነው ከድር ባለፈው በስልክም ጠይቆ በመሣሪያም አይቶ «ንጹሕ ናት» ያለን።

አባባ ደግሞ ጥፍር ይጨምራል። በደሴ ይህን የማያውቅ ሹፌር የለም። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ እሳቱም ቀስ ብሎ ነው የሚያያዘው፤ ስለዚህ አባባ መኪና አስተካክሎ ሲጨርስ ብሎኑን ከማጥበቁ በፊት አንድ ጥፍር ያህል ወደ ፊት ይገፋዋል። ከኩታበር ድረስ ለዚያች ጥፍር የሚመጡ ነበሩ። ቆላ ወርደው የሚከርሙት ደግሞ ኮምቦልቻ ሲደርሱ አስመልሰው፣ ሲወጡ ደግሞ እንደገና ለአባባ። ለድሮው ሞተር እውነቱን ነው። ለዚህኛው ግን ጥፍሩን የሚጨምረውም የሚቀንሰውም ኮምፒውተሩ ራሱ ነው።

የጥፍሩን ነገር ለከድር ስነግረው ሳቀና «አሁን ገባኝ» አለ። ነገ አባባ ፊት ይህን እንዴት እንደሚናገረው አላውቅም።

ሐሙስ፣ ጥር 14

ከድር መጣ። አባባ ወንበሩን አውጥቶ ግቢው ውስጥ ተቀመጠ፤ እንደ ዳኛ። ከድር በሁለት እጁ ጨበጠው፣ «ጋሼ ይማም፣ አንቱ ካልፈቀዱ ብሎኗን አልነካም» አለው። ጥሩ አድርጎ አጥንቶታል። አባባ «ሞተሩን ያመጣኸው አንተ፣ ምን ፈቃድ አስፈለገህ» አለ። ፈቃድ ይሁን ቁጣ ለመለየት ሁለታችንም ትንሽ ጊዜ ፈጀብን።

ከኮፈኑ ሥር ትንሽ ሶኬት አለች። ከድር ሁለት ቀዳዳዎቿን በአጭር ሽቦ አገናኛቸው። እንዲህ ሲደረግ ኮምፒውተሩ እጁን ይሰበስባል፣ ብልጭታው ከዲስትሪቢዩተሩ ብቻ ይሆናል። ሳያገናኙ ቢለኩ ኮምፒውተሩ እያስተካከለ ስለሚከታተል የሚታየው ውሸት ነው። ከዚያ እንደ ሽጉጥ ያለች መብራት አወጣ። በየብልጭታው በርታ ትጠፋለች። ወደ ፑሌጃው፣ ሞተሩ ፊት ወዳለው መዘውር፣ ሲያነጣጥራት፣ ያ እንደ እብድ የሚሽከረከረው ፑሌጃ ቀጥ ብሎ ቆመ! ቆሞ አይደለም፤ ግን የቆመ ነው የሚመስለው፤ ጠርዙ ላይ ያለችው ጭረት አየር ላይ ተንሳፋ ትታያለች። ብዙ ቆይቼ አየሁት። ሕይወትን እንዲህ አብርቶ ማቆም ቢቻል የትኛው ላይ አቆመው ነበር? ምናልባት እዚሁ። አባቴ ወንበሩ ላይ፣ ከድር አጎንብሶ፣ የጦሳ ተራራ ከኋላቸው።

ጭረቷ ከምልክቱ ርቃ ነበር። ከድር ዲስትሪቢዩተሩን መልሶ ምልክቱ ላይ አሰረው። የልብስ ጠመኔዬን አምጥቼ ከዲስትሪቢዩተሩ አንገት እስከ ሞተሩ ድረስ አንዲት ነጭ መስመር አሰመርኩበት፤ ቢነቃነቅ እንዲታወቅ። ይዘናት ወጣን። ሐረጎን ወርደን ወጣን። ፉጨት ብቻ። በመታጠፊያው ላይ ትንፋሼን ይዤ ነበር፣ ምንም። ከድር መሪውን መታ መታ አድርጎ ሳቀ፤ ጥርሱ ያምርበታል።

አባባ ስንመለስ ሞተሩን ቆሞ አዳመጠ። «እሽ። እናያለን» አለ። ከድር የሚወደውን ሰው እንዳገኘ ሰው ደስ ብሎት ሄደ። እኔም እየዘፈንኩ ስሰፋ አመሸሁ። «እናያለን» የምትለውን ቃል ያን ጊዜ በደንብ አላዳመጥኳትም።

ዓርብ፣ ጥር 15

አንኳኳች።

ከጁምዓ በኋላ ጨርቅ ላመጣ አባባን ይዤ ወርጄ ነበር። ስንመለስ ያው መታጠፊያ ላይ፣ ያው ጠጠር። አባባ «ቤንዚኑ ውሃ አለው መሰለኝ» አለ። ቤንዚኑ!

የአስር ሶላት ለመስገድ መስጊድ ሲሄድ ኮፈኑን ከፈትኩ። ነጩ መስመር ለሁለት ተከፍሏል። የላይኛው ከታችኛው ርቋል፤ አንድ ጥፍር። ጥፍሬን አስጠግቼ ለካሁት፣ ልክ ነው።

የእልህ ሰው! ሰው ፊት ፈቅዶ፣ ሰው ሲሄድ የራሱን። የደሴ ጥፍሩ ካልገባች መኪና አይመስለውም። መጀመሪያ ላይ አሳቀኝ፤ ቀጥሎ አናደደኝ፤ ቀጥሎ ሰኞን አሰብኩ። ሽማግሌዎቹ «መኪናዋስ?» ይሉታል። «አልዳነችም» ይላቸዋል። እነሱም ተነስተው ይሄዳሉ። በአንድ ጥፍር!

ቁልፉን አንስቼ ብሎኑን አላላሁ፣ መስመሩን ከመስመሩ ገጠምኩ፣ አጠበቅሁ። እጄን በሳሙና ታጠብኩ። ራት ላይ ስለ ሌላ ነገር አወራን። ለከድርም አልነገርኩትም። አባቴን ለሌላ ሰው አሳልፌ የምሰጥ መሰለኝ።

ቅዳሜ፣ ጥር 16

ሱብሒ ሰግጄ ጀበናውን ልጥድ ስል ሞተሩ ተነሳ። በመስኮቱ አየሁ። ጉሙ ግቢው ውስጥ ገብቷል፤ የመኪናዋ ግማሽ የለም። አባባ ጋቢውን እንደተከናነበ ኮፈኑን ከፍቶ ቆሟል። መውጣት ፈልጌ ነበር፤ ልይዘው። ግን ቆሜ አየሁት።

ብሎኑን አላላ። ዲስትሪቢዩተሩን በመዳፉ ያዘው፣ ዓይኑን ጨፈነ። ቀስ ብሎ አዞረ፤ ሞተሩ ድምፁ ወረደ፤ መለሰው፣ ለዘበ። በሌላው እጁ የቤንዚኑን ገመድ ሳብ አድርጎ ለቀቀ። ንጹሕ ነው። መልሶ ሳበ። ንጹሕ። ልኳን አገኛት! ያለ መብራት፣ ያለ ሽቦ፣ በጆሮው ብቻ ከምልክቱ እጅግም ሳይርቅ መጣባት። እዚያ ላይ እጁን ሳያነሳ ቆየ። ፊቱ ላይ ሰው ልጁን ሲስም የሚሆነው ነገር ነበር።

ከዚያ ገፋው። ወደ ፊት። ገመዱን ሳበ፤ ጠጠሩ ተንቀጫቀጨ። እኔ ከመስኮቱ ሰማሁት። እሱም ሰማው፤ ፊቱ ሲሸማቀቅ አየሁ፣ የጥርስ ሕመም እንደነካው ሰው። እዚያው ላይ ብሎኑን አጠበቀ።

ስለዚህ እልህ አይደለም። ጥፍሩም አይደለም። ልኳን ያውቃል። አውቆ ነው የሚያሳምማት።

ጀበናውን ሳልጥድ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ፤ በሱ ይሁን በራሴ አላውቅም። ቀኑን ሙሉ የሰፋሁት ነገር የለም። እትየ ዘውዴ ቀሚሳቸውን ሊያስጠብቡ መጥተው «ምን ሁነሻል ልጄ?» ቢሉኝ ጉንፋን ነው አልኳቸው። ወንድሞቼ አንዱ ጅዳ ነው፣ አንዱ አዲስ አበባ፤ ለኢድ ይደውላሉ። እናቴ ከሞተች ወዲህ በዚህ ቤት የሚሰማው የእኔ የስፌት መኪናና የሱ ሞተር ብቻ ነው። ይህን የማላውቅ ሆኜ ነው? አውቅ ነበር። ግን ኮምቦልቻ እኮ ነው! ከጫፉ ላይ ቆመው ቢጠሩኝ የምሰማበት አገር።

እሑድ፣ ጥር 17

ጠየቅሁት።

ሌላ መንገድ ፈልጌ ነበር፣ በቀልድ፣ በዘወርዋራ። አልተሳካልኝም። ካንዴላ እየጠረገ ሳለ ፊቱ ቁጭ አልኩና «አባባ፣ ትናንት ጠዋት አይቼሃለሁ» አልኩት። ካንዴላውን መጥረጉን አላቋረጠም።

መጀመሪያ ተቆጣኝ። አባቱን በመስኮት የሚሰልል ልጅ አልወለድኩም አለ። ከዚያ ቁጣው አለቀበትና እንዲህ አለኝ፤ ቃል በቃል ልጻፈው፦ «ወንድሞችሽ ሩቅ ሄዱ። አልቅሼ ወጣልኝ። አንቺ ግን እዚህ ታች ነው የምትሆኚው። ዛሬ ትመጣለች፣ ነገ ትመጣለች እያልኩ በር በሩን የማይበትን ዕድሜ ነው የምፈራው። ሽማግሌዎቹን እምቢ ብል አላህን እፈራለሁ፤ ልጁ ምን ይወጣለታል? ሌላ ሰበብ አጣሁ። ሞተሩ ብቻ ነበር የቀረኝ።»

የስፌት ሥራዬን እዚሁ አቆያለሁ፣ ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ እመጣለሁ አልኩት። እውነቴን ነው፤ ከከድር ጋርም ተነጋግረንበታል። ልጅ ብንወልድስ? ብታመምስ? ክረምት ሐረጎ ናዳ ቢዘጋውስ? እነዚህን አልተናገረም፤ ግን ሁለታችንም ሰማናቸው። «ካዘንክብኝ እቀራለሁ» አልኩት። ብድግ አለና «አፉ በይኝ። እንዲህ አይባልም» አለኝ። አባቴ ይቅርታ ሲጠይቀኝ በሕይወቴ የመጀመሪያው ነው።

ብዙ ቆይቶ፣ ጥላው ዞሮ ከግንቡ ሥር ሲደርስ፣ «ያ ልጅ ሽቦዋን የቱ ላይ ነው የሰካት?» አለ።

አሳየሁት። የከድር መብራት እዚሁ ቀርታ ነበር። ሽቦውን ሰካሁ፣ መብራቱን ያዝኩ፣ ዓይኑ ጭረቷን ስለማያይለት እኔ እየነገርኩት እሱ አዞረ። «መጣች?» ይለኛል። «ትንሽ ወደ ኋላ።» «አሁንስ?» «ትንሽ።» ፑሌጃው ቆሟል፣ ጭረቷ በአየር ላይ ወደ ምልክቷ ትዋኛለች። «መጣች» አልኩት። እጁን ሳያነሳ ቆየ። ብሎኑን አጠበቀ።

ነገ ምን ትላቸዋለህ አላልኩትም። እሱም አልነገረኝም። ነገ ጠዋት ግን ከሱብሒ በኋላ እጁ ምን እንደሚያደርግ አላህ ያውቃል። በመስኮት አላይም፤ ምያለሁ።

ሰኞ፣ ጥር 18

መኪናዋ የለችም። አባባም የለም።

ይህን የጻፍኩት ጠዋት ነበር። አሁን ልቀጥል።

ሞተሩ ሲነሳ ሰምቼ ነበር፤ ምዬ ስለነበር መስኮቱን አልከፈትኩም። ስወጣ ግቢው ባዶ ነው፣ ዘይት የነካው አፈር ብቻ። ስልኩን ደወልኩ፤ ሳሎን ውስጥ ትራሱ ሥር ጠራ። እትየ ዘውዴ በአጥሩ ብቅ ብለው «አባትሽ በጠዋት ወዴት ከነፉ? ሸሹ እንዴ?» አሉኝ። ለቀልድ ነው ያሉት። እኔ ግን አመንኳቸው። ከሽማግሌ ፊት መሸሽ! ወደ ኩታበር አጎቴ ጋ ሄዷል፣ እስኪሄዱ ይቆያል፣ ማታ ይመጣል ብዬ ደመደምኩ። እምቢም እሽም ሳይል። እሱን አውቀዋለሁ።

ከድር ደወለ። ሸህ አሊ ስልክ አያነሱም አለኝ። ሸህ አሊ የሽማግሌዎቹ አውራ ናቸው። ተነስተው ይሆናል፣ ሚኒባስ ውስጥ አይሰማቸው ይሆናል አለ፤ ድምፁ እንደ እኔው ነበር። የአባባን መጥፋት አልነገርኩትም።

ጨርቅ ለመቁረጥ ተቀመጥኩ። አልቆረጥኩም። ባዶ ጨርቅ ላይ በጠመኔ አሰምር ነበር፣ የማንም ልኬት ያልሆነ ልብስ። የሚያልፈውን መኪና ሁሉ አዳምጥ ነበር። ሚኒባስ። ባጃጅ። የውሃ ቦቴ። ከዚያ ያቺ ፉጨት፣ ከታች ከመንገዱ ጫፍ። ለብቻዋ፤ ምንም ያልተቀላቀለባት።

መኪናዋ በሩ ላይ ስትቆም ተጎንብሳ ነበር፣ ኋላዋ መሬት ሊነካ። በሮቿ ተከፈቱና ሽማግሌ በሽማግሌ ላይ ይወርድ ጀመር! ነጭ ጥምጣም፣ ከዘራ፣ ጋቢ። ሁሉም ተጨቁነው። ሸህ አሊ ከፊት ወርደው ወገባቸውን ይዘው ቆሙ። አባባ መሪው ላይ ቀረ፤ ፊቱን ወደ እኔ አላዞረም።

የሆነውን የነገሩኝ ሸህ አሊ ናቸው፤ እንደነገሩኝ ልጻፈው፦ «ኮምቦልቻ ሚኒባስ ልንይዝ ስንወጣ ደጅ ላይ ቁሞ ጠበቀን። ግቡ አለን። ኧረ አባ ይማም፣ የልጅት አባት ሽማግሌ ሲጭን የት አገር ታየ ብንለው፣ ሞተር ሰው ሳይጭን አይፈተንም ብሎ አሽጎ ጫነን። ሐረጎ ላይ እኛ ዚክር ይዘን ነበር። መታጠፊያው ላይ ዝም በሉልኝ አለ። ወላሂ፣ ትንፋሻችንን ያዝን። ምንም የለም፤ እንዲሁ ታፏጫለች። ጫፉ ላይ ሲደርስ ዳር ይዞ አቆመና ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ አለቀሰ። እኛ መኪናው ተበላሸበት ብለን ማጽናናት ጀመርን። አብሽር፣ ብረት ነው፣ ይሠራል አልነው። ቀና ብሎ ‹አልተበላሸችም። ድናለች› አለን። ቆየና ‹ሰጥቻችኋለሁ› አለን።»

ሸህ አሊ ግን መንገድ ዳር የተሰጠች ልጅ አንቀበልም ብለው ቤት አስገብተው፣ ምንጣፍ ላይ አስቀምጠው፣ ዱዓ አድርገው ደግመው አስባሉት። ከጓዳ ሆኜ ሰማሁት። ሁለተኛው ላይ ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ኒካሁ ረመዳን ከመግባቱ በፊት ባለው ዓርብ ነው። አድርሼ ልመልሳችሁ ሲላቸው ሁሉም ባንድ ጊዜ ሚኒባስ ይሻለናል አሉ።

ለከድር ስደውልለት አፍንጫውን ሲናፈጥ ሰማሁ። ደስ ብሎኛል። ግን ልክ ነው ያደረግሁት? አላውቅም። ዘገየሁ? ቀደምኩ? እሱንም አላውቅም።

ማምሻውን «ምን ልሥራልህ?» ብዬ ወደ ማድ ቤት ስገባ በሩ ላይ ቆሞ አላስገባ አለኝ። «ዛሬ እኔ ልሥራ። መልመድ አለብኝ» አለኝ። አሁን ሽንኩርት ሲከትፍ ይሰማኛል፤ ቢላዋው ይቆማል፣ ይጀምራል፣ ይቆማል። ድስቱን ጣደ። እሳቱ በዝቶበታል፣ ሽታው እስከዚህ መጥቷል። ሽንኩርቱ እያረረ ነው። ተነስቼ ሁለቴ በሩ ድረስ ሄድኩ፤ ሁለቴ ተመለስኩ። ተቀምጫለሁ።